መንግሥትን የሚያቆመውም የሚያወርደውም ምክር ቤቱ ነው፦ የፓርላማ ሥርዓትን ለነቀፈ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የፓርላማ ዴሞክራሲ ሕዝብን ከሥልጣን ያራቀ ሥርዓት ነው ብሎ የሚሞግት ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። ጸሐፊው ያነሧቸው ነቀፋዎች አምስት ናቸው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሕዝብ በቀጥታ ስለማይመርጠው ውክልናው ጎዶሎ ነው ይላሉ፤ አብላጫ መቀመጫ ያለው ወገን መንግሥት ስለሚመሠርት ፓርላማው የካቢኔው ማኅተም ከመሆን አያልፍም ይላሉ፤ መንግሥታት በአንድ ድምፅ ስለሚወድቁ አገር አይረጋም፣ ሥልጣን የሌለው ርዕሰ ብሔርም ከንቱ ወጪ ነው ይላሉ፤ በመጨረሻም ማንም ያልመረጣቸው ዳኞች ሕዝብ የመረጣቸው እንደራሴዎች የወሰኑትን መሻር አይገባቸውም ብለው ይደመድማሉ። መፍትሔ ብለው ያቀረቡት ጠቅላይ ሚኒስትሩ በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ ለተወሰነ ዘመን እንዲመረጥና ፍርድ ቤቶች በሕግ አውጪው ሥራ ላይ እጃቸውን እንዲሰበስቡ ነው። ጽሑፉ በቅንነት የተጻፈ ነው፤ ብዙ አንባቢ የሚጋራው ቅሬታም አለበት። ሆኖም ሥርዓቱ የቆመበትን ምሰሶ ዘልሎታል። በፓርላማ ሥርዓት መንግሥት በሥልጣን ላይ የሚቆየው የምክር ቤቱ አመኔታ እስካልተለየው ድረስ ብቻ ነው፤ ይህ ከተዘነጋ የቀረው አሠራር ሁሉ ጉድለት መምሰሉ አይቀርም። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመሪያው ነቀፋ ልነሣ። ጸሐፊው በማስረጃነት ያቀረቡት በ2022 ብሪታንያ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮችን ማየቷንና ሕዝቡ ለአንዱም ለውጥ አለመጠየቁን ነው። ቦሪስ ጆንሰን ወርደው ሊዝ ትረስ፣ ትረስ ወርደው ሪሺ ሱናክ ሲተኩ አጠቃላይ ምርጫ አለመደረጉ እውነት ነው፤ በዚህ የተቆጣ ዜጋ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ትረስ እንዴት እንደወረዱ እንመልከት። ሥልጣን የያዙት ሴፕቴምበር 6 ነበር፤ መንግሥታቸው ሴፕቴምበር 23 ይፋ ያደረገው የግብር ቅነሳ ዕቅድ የገንዘብ ገበያውን ሲያናጋ የገዛ ፓርቲያቸው እንደራሴዎች ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ ኦክቶበር 20 ቀን ሥልጣን እንደሚለቁ አስታወቁ። መሪው ለተወሰነ ዘመን በቀጥታ በሚመረጥበት ሥርዓት ተመሳሳይ ስሕተት ቢፈጸም ኖሮ አገሪቱ የዘመኑን ማብቂያ ከመጠበቅ በቀር ብዙ አማራጭ አይኖራትም ነበር። በአሜሪካ ፕሬዚዳንትን ከዘመኑ በፊት ለማንሣት የተወካዮች ምክር ቤት ክስ መመሥረት፣ ሴኔቱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ጥፋተኛ ማለት ይኖርበታል፤ ክሱም ለክህደት፣ ለጉቦና ለከባድ ጥፋት የታሰበ እንጂ ለተሳሳተ የምጣኔ ሀብት ፖሊሲ መድኃኒት አይደለም።

ከዚህ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የ1940ው ነው። ሜይ 7 እና 8 የብሪታንያ የሕዝብ ምክር ቤት በኖርዌይ ስለከሸፈው ዘመቻ ሲከራከር ሰንብቶ ድምፅ ሲሰጥ መንግሥት 281 ለ200 አሸንፎ ነበር። ይሁን እንጂ ቀድሞ ከ200 በላይ የነበረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኔቪል ቻምበርሌይን ብልጫ ወደ 81 አሽቆለቆለ፤ ከገዛ ወገናቸው ከፊሎቹ ከተቃዋሚው ጋር ድምፅ ሲሰጡ ሌሎች በተአቅቦ ቀሩ። ቻምበርሌይን ቁጥሩ የሚናገረውን ሰምተው ሜይ 10 ቀን ለዊንስተን ቸርችል ቦታውን ለቀቁ። አገሪቱ በጦርነት ላይ ነበረች፤ አጠቃላይ ምርጫ ማካሄድ የሚታሰብ አልነበረም፤ እንደራሴዎቹ ግን እዚያው ነበሩ፤ መሪውን ለመለወጥ ያስፈለጋቸውም አመኔታቸው መቀነሱን በድምፅ ማሳየት ብቻ ነበር። ሕዝብ ያልመረጠው መሪ ብለው ጸሐፊው ያወገዙት አሠራር አንድ አገር በጭንቅ ጊዜ መሪዋን በቀናት ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የለወጠችበት መሣሪያ ነው።

የቀረበው መፍትሔ ደግሞ አዲስ ሳይሆን ተሞክሮ የተጣለ መሆኑ ሊነገር ይገባል። እስራኤል በ1992 ባወጣችው ሕግ መራጩ በአንድ ወረቀት ጠቅላይ ሚኒስትሩን፣ በሌላ ወረቀት ፓርቲውን እንዲመርጥ ደነገገች። የታሰበው መሪው ከሕዝብ በቀጥታ ባገኘው ሥልጣን ተደግፎ በጥምረት ድርድር ወቅት ከትናንሽ ፓርቲዎች ጫና እንዲላቀቅ ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። መራጩ መሪውን በአንዱ ወረቀት ከወሰነ በኋላ በሌላው ወረቀት ትልቁን ፓርቲ የሚመርጥበት ምክንያት አነሰው፤ ድምፁን ለብሔረሰቡ፣ ለሃይማኖቱ ወይም ለአንድ ውስን ጉዳይ ለቆመ ትንሽ ፓርቲ ሰጠ። በ1992 ከምክር ቤቱ 120 መቀመጫዎች ሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች፣ ሌበር 44፣ ሊኩድ 32 ነበራቸው፤ በ1999 ሌበር የመራው ኅብረት 26፣ ሊኩድ ደግሞ 19 ብቻ አገኙ። በቀጥታ የተመረጠው ጠቅላይ ሚኒስትር ከበፊቱ በባሰ ሁኔታ በተበታተነ ምክር ቤት ፊት ቆመ፤ ያለ ምክር ቤቱ ደግሞ በጀት ማጽደቅም ሕግ ማውጣትም አይችልም። አሠራሩ በ1996፣ በ1999 እና በ2001 ከተሞከረ በኋላ የእስራኤል ምክር ቤት የሆነው ክነሴት ራሱ በ2001 ሕጉን ሽሮ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። መሪውን በቀጥታ እንምረጥ የሚል ማንም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ለዚህ ታሪክ መልስ ሊኖረው ይገባል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን አንድ ቃል እንኳ አልተባለለትም።

ሁለተኛው ነቀፋ ከበድ ያለ ነው፤ ግማሹንም እቀበለዋለሁ። ካቢኔው አብላጫ መቀመጫ ባለው ፓርቲ መሪዎች የተሞላ ከሆነ፣ የፓርቲው ተጠሪም አባላቱን አሰልፎ ድምፅ የሚያሰጥ ከሆነ፣ የምክር ቤቱ ቁጥጥር የት አለ? ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት ማስረጃ የመንግሥት ረቂቅ ሕጎች በአብዛኛው መጽደቃቸውን ነው። ይህ ማስረጃ ውሃ አይቋጥርም፤ ምክንያቱም የመጨረሻው ድምፅ የሂደቱ መቋጫ እንጂ ሂደቱ ራሱ አይደለም። ረቂቅ ሕግ በአንደኛ ንባብ ይቀርባል፤ በሁለተኛው ንባብ በመርሑ ላይ ክርክር ይደረጋል፤ ከዚያ በኮሚቴ አንቀጽ በአንቀጽ ይመረመራል፤ ባለሙያና ባለጉዳይ ይሰማል፤ ማሻሻያ ይቀርባል፤ ተመልሶ ለምክር ቤቱ ይቀርብና በሦስተኛው ንባብ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ሁለተኛ ምክር ቤት ባለበት አገር እንደገና እዚያ ይታያል። የሶሻል ዴሞክራቶች የምክር ቤት ቡድን መሪ የነበሩት ፒተር ሽትሩክ የተናገሩት በጀርመን ፖለቲካ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ሕግ ሆኖ ቀርቷል፤ ማንኛውም ረቂቅ ወደ ቡንደስታግ (የጀርመን ምክር ቤት) በገባበት መልኩ አይወጣም የሚል ነው። መንግሥት የሚያውቀውን ተቃውሞ አስቀድሞ ስለሚያስተካክል፣ አያልፍም ያለውን ረቂቅም ሳያቀርብ ስለሚቀር፣ የጸደቁትን ብቻ የሚቆጥር ሰው በምክር ቤቱ ጫና የተለወጡትንና የተተዉትን አያያቸውም።

ገንዘብን በሚመለከት ቁጥጥሩ ይበልጥ ይታያል። የብሪታንያ የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ በ1861 ሲቋቋም የተጀመረው ሥራ እስከ ዛሬ አለ፤ ሰብሳቢውም በምክር ቤቱ ደንብ መሠረት ከተቃዋሚ ወገን ነው። በጀርመንም የበጀት ኮሚቴውን የትልቁ ተቃዋሚ ፓርቲ አባል መምራቱ እስከ 2025 የጸና ልማድ ነበር። ሹመኞች በነዚህ ኮሚቴዎች ፊት ቀርበው የተሰጣቸው ገንዘብ የት እንደዋለ በሰነድ ሲጠየቁ ማየት፣ ተቃዋሚ ማለት በየጊዜው የሚሸነፍ አናሳ ወገን ብቻ ነው የሚለውን አስተያየት ያስተካክላል። የገዢው ፓርቲ አባላትም ሁልጊዜ ተሰልፈው አይነዱም። ኦገስት 2013 የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን በሶርያ ላይ ወታደራዊ እርምጃ ለመውሰድ የሚያስችል ድጋፍ ሲጠይቁ ምክር ቤቱ 285 ለ272 ነፈጋቸው፤ ለሽንፈቱም ምክንያት ከሆኑት መካከል የራሳቸው ፓርቲ አባላት ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ውሳኔውን እዚያው ተቀበሉ።

የምቀበለው ግማሽ የፓርቲ ዲሲፕሊንን የሚመለከት ነው። አንድ እንደራሴ በኅሊናው ድምፅ በሰጠ ቁጥር ከዕጩነት የሚሰረዝ ከሆነ፣ ወይም ሕጉ ራሱ ከፓርቲው አቋም የወጣውን መቀመጫውን የሚያሳጣው ከሆነ፣ የአመኔታ ድምፅ የሚባለው ነገር ባዶ ይሆናል። ሕንድ በ1985 አባላት በጥቅም እየተገዙ ፓርቲ እንዳይቀይሩ ያወጣችው ሕግ መነሻው በጎ ነበር፤ የፓርቲውን ትእዛዝ ጥሶ ድምፅ የሰጠ እንደራሴ መቀመጫውን እንዲያጣ ማድረጉ ግን በእኔ እምነት ከበሽታው የማይሻል መድኃኒት ነው። የጀርመን ሕገ መንግሥት የሆነው መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 38 እንደራሴው የመላው ሕዝብ ወኪል እንደሆነ፣ በማንም ትእዛዝ እንደማይታሰርና ለኅሊናው ብቻ ተገዢ እንደሆነ ይደነግጋል። ጸሐፊው ትግላቸውን እዚህ ላይ ቢያደርጉት ኖሮ አብሬአቸው እቆም ነበር።

እንዲያውም ጸሐፊው ሳያነሡት ያለፉት የባሰ ችግር አለ። ምክር ቤቱ አጭር አዋጅ አጽድቆ ዝርዝሩን ሚኒስትሩ በደንብና በመመሪያ እንዲያወጣው ሥልጣን ሲሰጥ፣ ዜጋውን በየዕለቱ የሚነካው ሕግ ከክርክር ውጭ ይጻፋል። ፈቃድ ለማውጣት ምን ሰነድ ያስፈልጋል፣ ድጎማ ለማን ይሰጣል፣ ቅጣቱ ስንት ነው የሚሉት ጥያቄዎች የሚመለሱት በአዋጁ ሳይሆን በነዚህ ደንቦች ነው። በብሪታንያ የሚወጡት ደንቦች በብዛት ከአዋጆቹ በብዙ እጥፍ ይልቃሉ፤ የሕዝብ ምክር ቤቱ ግን ከ1979 ወዲህ አንዱንም በድምፅ ጥሎ አያውቅም። ማኅተም የሚለው ወቀሳ እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ መፍትሔው ግን መሪውን በቀጥታ መምረጥ ሳይሆን ለሚኒስትሩ የሚሰጠውን የውክልና ሥልጣን በአዋጁ ውስጥ ጠበብ አድርጎ መወሰንና ምክር ቤቱ ደንቡን የማሻሻል መብት እንዲኖረው ማድረግ ነው።

ስለ አለመረጋጋት የተባለውን በተመለከተ ጸሐፊው የጠቀሱት የ1979ኙን ድምፅ ነው። ማርች 28 ቀን በብሪታንያ የጄምስ ካላሃን የሌበር ፓርቲ መንግሥት 311 ለ310 ተሸንፎ ወደቀ። በጽኑ የታመሙ አንድ የሌበር እንደራሴ፣ ሰር አልፍሬድ ብሮተን፣ በአምቡላንስ ተጉዘው ቢመጡ ድምፁ እኩል ሊሆን ይችል ነበር፤ ካላሃን ግን ጉዞው ሕይወታቸውን ሊያሳጣ እንደሚችል ስለተነገራቸው እንዳይመጡ ወሰኑ፤ ሰውየው ከቀናት በኋላ አረፉ። ጸሐፊው ይህን የአገር ዕጣ በአንድ በሽተኛ ላይ የተንጠለጠለበት ሥርዓት አድርገው ያቀርቡታል። እኔ የማየው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ መንግሥት በምክር ቤቱ አብላጫ አልነበረውም፤ ለወራት በትናንሽ ፓርቲዎች ድጋፍ ሲንገዳገድ ኖሯል፤ አንዷ ድምፅ የነበረውን እውነት ይፋ አወጣች እንጂ አልፈጠረችውም። ካላሃን ያን ምሽት ጉዳዩን ወደ ሕዝብ እንደሚወስዱት ለምክር ቤቱ ተናገሩ፤ ሜይ 3 ቀን ሕዝቡ ፈረደ።

በአንድ ድምፅ መውደቅ ያሰጋል ለሚል ሰው ደግሞ በሥርዓቱ ውስጥ የተዘጋጀ መልስ አለ። ከናዚዎች በፊት በጀርመን የነበረው የቫይማር ሪፐብሊክ ምክር ቤት ተተኪ ሳይስማማበት መንግሥትን መጣል ይችል ነበር፤ ቀኝና ግራ ጽንፈኞች በጋራ ያፈርሱ ነበር እንጂ በጋራ አይገነቡም ነበር። ከዚያ የተማረው የ1949ኙ መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 67 ቡንደስታግ መራኄ መንግሥቱን (የጀርመንን የመንግሥት መሪ) ማውረድ የሚችለው በዚያው ድምፅ ተተኪውን ሲመርጥ ብቻ እንዲሆን አደረገ። በዚህ መንገድ የተሞከረው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1972 በቪሊ ብራንት ላይ የተሞከረው ከሚያስፈልገው 249 ድምፅ 247 አግኝቶ ከሸፈ፤ ኦክቶበር 1 ቀን 1982 ሄልሙት ኮል ሄልሙት ሽሚትን ተክተው ተመረጡ። ከ1949 እስከ 2025 ጀርመንን የመሩት 10 መራኅያነ መንግሥት ናቸው። ስፔንም ይህንኑ አሠራር ትከተላለች፤ በ2018 ፔድሮ ሳንቼዝ ማሪያኖ ራሆይን የተኩት በዚህ መንገድ ነው። ቤልጅግ ከ2010ሩ ምርጫ በኋላ አዲስ መንግሥት ለማቋቋም 541 ቀን የፈጀባት መሆኑ የሥርዓቱ ኩራት አይደለም፤ ቢሆንም በዚያ ጊዜ ሁሉ ተሰናባቹ መንግሥት በባለአደራነት የዕለት ሥራውን ሲሠራ፣ ምክር ቤቱም ሲሰበሰብ ቆይቷል። መሪ የሌለበት ወቅት ሕግ የሌለበት ወቅት አልሆነም።

ርዕሰ ብሔሩን በሚመለከት ብዙ የምለው የለኝም። ምርጫ ማንንም አብላጫ ካልሰጠ መንግሥት እንዲመሠርት ማን አስቀድሞ እንደሚጠራ፣ ምክር ቤቱ መቼ እንደሚበተንና ሕጉ በማን ፊርማ እንደሚታወጅ የሚወስን፣ ከፓርቲዎቹ ፉክክር ውጭ የሆነ አንድ አካል ያስፈልጋል። ይህ ሥልጣን በጥንቃቄ ካልተያዘ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ በ1975 በአውስትራሊያ የርዕሰ ብሔሯ የእንግሊዝ ንግሥት እንደራሴ የነበሩት አገረ ገዥው ጆን ከር በታችኛው ምክር ቤት አብላጫ የነበራቸውን ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላምን ማሰናበታቸው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ያ ክርክር ግን የሚያስረዳው ሥልጣኑ በጽሑፍ መወሰን እንዳለበት እንጂ ቦታው ከንቱ መሆኑን አይደለም።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ስለ ፍርድ ቤቶች የተባለው ነው። ጸሐፊው የተመረጠ ምክር ቤት ያልተመረጠ ዳኛ ሊያግደው አይገባም ሲሉ አንድ ነገር ሳይለዩ አልፈዋል። ፍርድ ቤት በፓርላማ ሥርዓት የሚያደርገው የመጀመሪያ ሥራ ምክር ቤቱን መቃወም ሳይሆን አስፈጻሚው ምክር ቤቱ ከሰጠው ሥልጣን እንዳያልፍ መጠበቅ ነው። በ1762 በእንግሊዝ የንጉሡ መልእክተኞች ከሚኒስትር በተሰጠ ማዘዣ የጆን ኤንቲክን ቤት ሰብረው ገብተው ለአራት ሰዓታት ሲበረብሩ ቆይተው ወረቀቶቹን ይዘው ሄዱ። ኤንቲክ ከሰሳቸው፤ በ1765 ዳኛው ሎርድ ካምደን እንዲህ ያለ ማዘዣ የሚፈቅድ ሕግ ካለ በሕግ መጻሕፍት ውስጥ ይገኝ ነበር፣ ካልተገኘ ግን ሕግ አይደለም በሚል ምክንያት ፈረዱለት። ባለሥልጣኑ ለመንግሥት ደኅንነት አስፈላጊ ነው ማለቱ አላዳነውም፤ የተጠየቀው የትኛው ሕግ ፈቀደልህ ተብሎ ነው። የዛሬ ዜጋ በፖሊስ፣ በግብር ሰብሳቢ ወይም በፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ፊት የሚቆመው በዚሁ ጥያቄ ነው፤ ጸሐፊው የዳኞች እጅ ይሰብሰብ ሲሉ በመጀመሪያ የሚያጣው እሱ ነው።

የተመረጠው ምክር ቤት ያወጣውን ሕግ ስለ መሻር ሲነሣ ደግሞ አሠራሩ ከአገር አገር ይለያያል፤ ጸሐፊው ግን ሁሉንም በአንድ ጨፍልቀውታል። በብሪታንያ ፍርድ ቤት የፓርላማን አዋጅ አይሽርም። በ2004 ከፍተኛዎቹ ዳኞች በሽብር የተጠረጠሩ የውጭ ዜጎችን ያለ ፍርድ ላልተወሰነ ጊዜ የሚያስረውን ድንጋጌ ከሰብአዊ መብት ጋር የማይጣጣም ነው ብለው 8 ለ1 ሲወስኑ ድንጋጌው እንደጸና ቆይቷል፤ በሌላ ሕግ የተካው በ2005 ፓርላማው ራሱ ነው። በጀርመን ግን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሕግን ውድቅ ያደርጋል፤ ዳኞቹን ግማሹን ቡንደስታግ፣ ግማሹን የክልሎች ምክር ቤት የሆነው ቡንደስራት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጣሉ፤ የሥራ ዘመናቸውም ለ12 ዓመት ብቻ፣ የማይታደስ ነው። ማንም አልመረጣቸውም የሚለው አባባል እዚያ አይሠራም።

የዚህ ፍርድ ቤት አንድ ውሳኔ የሥርዓቱን አካላት ሁሉ በአንድነት ስለሚያሳይ በዝርዝር ልጥቀሰው። የመራኄ መንግሥት ኦላፍ ሾልዝ መንግሥት ለወረርሽኙ ጊዜ ተፈቅዶ ያልተነካ 60 ቢሊዮን ዩሮ የመበደር ፈቃድ ወደ አየር ንብረት ፈንድ እንዲዛወር በምክር ቤቱ ባለው አብላጫ አጸደቀ። አናሳ ነውና ድምፁን የተሸነፈው የተቃዋሚው ወገን 197 እንደራሴዎች ጉዳዩን ፍርድ ቤቱ ወደሚገኝበት ወደ ካርልስሩኸ ከተማ ወሰዱት፤ ኖቬምበር 15 ቀን 2023 ፍርድ ቤቱ ዝውውሩ ሕገ መንግሥቱ በመንግሥት ብድር ላይ የጣለውን ገደብ ይጥሳል ብሎ ሻረው። በጀቱ ሲጎድል በጥምሩ መንግሥት ውስጥ የነበረው ልዩነት ሰፋ፤ ኖቬምበር 6 ቀን 2024 ሾልዝ የገንዘብ ሚኒስትራቸውን ክርስቲያን ሊንድነርን አሰናበቱ፤ ዲሴምበር 16 የመተማመኛ ድምፅ ጠይቀው 207 ድጋፍ፣ 394 ተቃውሞና 116 ድምፀ ተአቅቦ ተቆጠረ፤ ፌብሯሪ 23 ቀን 2025 ሕዝቡ አዲስ ቡንደስታግ መረጠ። ጉዳዩን ፍርድ ቤት ያደረሱት የተመረጡ እንደራሴዎች ናቸው፤ ዳኞቹ የተረጎሙት እንደራሴዎች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ያስገቡትን ገደብ ነው፤ መንግሥቱን ያወረደው ምክር ቤቱ ነው፤ አዲሱን ምክር ቤት የመረጠውም ሕዝቡ ነው።

ጸሐፊው መልስ ቢጽፉ በአንድ ጥያቄ ላይ እንዲያተኩሩ እጠይቃቸዋለሁ። እሳቸው ባቀረቡት ሥርዓት፣ መሪው ለተወሰነ ዘመን ተመርጦ ምክር ቤቱ ሊያወርደው በማይችልበትና ፍርድ ቤቱም እጁን በሰበሰበበት፣ እነዚያ 197 እንደራሴዎች በድምፅ ከተሸነፉ በኋላ አቤቱታቸውን ወዴት ይወስዱት ነበር?